በመረሬ መሬት ላይ አመድና ኖራ፦ «አያዋጣም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ የመንገድ ባለሙያ ከእርሻ ተረፈ ምርት የሚገኝ አመድን ለመንገድ ሥራ ስለማዋል የጻፉትን ጽሑፍ ብዙ ሰው ሲቀባበለው አይቻለሁ። ፍሬ ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው። የሸንኮራ አገዳ፣ የሩዝና የቡና ገለባ አመድ ጥቁር አፈርን ያረጋጋል የሚለው ሐሳብ የመመረቂያ ጽሑፍ ማሟያ ከመሆን አላለፈም። አመድ ጉልበት የለውም። ኖራ መጨመር የግድ ከሆነ ደግሞ አመዱ ትርፍ ነው። በቂ አመድም የለም፤ ያለውም ጥራቱ ስለሚለዋወጥ አይታመንም። አመዱን ለመንገድ መውሰድ ገበሬውን ይጎዳል። ስለዚህ እንደለመድነው ጥቁሩን አፈር ቆርጠን አውጥተን በገረጋንቲ መሙላቱ ይሻላል።

ጸሐፊው የመስክ ልምድ እንዳላቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ካነሷቸው ነጥቦች ውስጥ ትክክል የሆኑ አሉ፤ በየቦታቸው እጠቅሳቸዋለሁ። መደምደሚያቸውን ግን አልቀበለውም። መረሬ፣ ዋልካ፣ ኮትቻ እያልን የምንጠራው ጥቁር ሸክላ አፈር በአገራችን ወደ 13 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት ይሸፍናል። በቾ፣ አድአ፣ ሱሉልታ፣ ፎገራና ደምቢያ በእርሱ ላይ የተዘረጉ ናቸው፤ የአዲስ አበባ ደቡብና ምሥራቅ ሰፈሮችም ብዙዎቹ እንዲሁ። ከዚህ አፈር ሸሽተን መንገድ መሥራት አንችልም። አንድ መፍትሔ ሳይሞከር ከጠረጴዛው ላይ እንዲነሳ ሲጠየቅ ዝም ማለት የማልችለው ለዚህ ነው።

አመድ ጉልበት የለውም ስለተባለው

ጸሐፊው ለዚህ ያቀረቡት ማስረጃ አመድ ብቻውን ከጥቁር አፈር ጋር ተቀላቅሎ ሲሞከር የሚታየው መሻሻል ትንሽ መሆኑን ነው። እውነት ነው። ባጋስ፣ ማለትም አገዳው ተጨምቆ ጭማቂው ከወጣለት በኋላ የሚቀረው ገለባ፣ ሲቃጠል የሚተወው አመድ ዋና ይዘቱ ሲሊካ (የአሸዋ ዋና ንጥረ ነገር) ነው፤ ኖራው ጥቂት ነው። ሲሊካ ደግሞ ብቻውን አያጣብቅም። ጥያቄው ግን አመድ ብቻውን ምን ይሠራል የሚል አይደለም። ከኖራ ጋር ሲሆን ምን ይሠራል የሚል ነው።

የጥቁር አፈር ጠባይ የሚመነጨው ሞንትሞሪሎናይት ከተባለው የሸክላ ማዕድን ነው። ማዕድኑ እንደ ወረቀት የተደራረቡ ስስ ቅጠሎች አሉት። በክረምት ውኃ በቅጠሎቹ መካከል ይገባና አፈሩ ያብጣል፤ በበጋ ውኃው ይወጣና አፈሩ ይሰነጠቃል። ኖራ ሲጨመርበት ካልሲየሙ በቅጠሎቹ መካከል ያሉትን ሶዲየምና መሰሎቹን አስለቅቆ በቦታቸው ይገባል። ያን ጊዜ ሸክላው ይቋጠራል፣ መጣበቁን ይተዋል፣ በእጅ ሲያሹት ይፍረከረካል። ይህ በሰዓታት ውስጥ የሚታይ ለውጥ ነው። ሁለተኛው ለውጥ ዝግ ይላል። ኖራ፣ ውኃና ሲሊካ ተዋህደው በሲሚንቶ ውስጥ ከሚፈጠረው ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ማጣበቂያ ይሠራሉ፤ ይህም ሳምንታትና ወራት ይፈጃል። አመዱ የሚፈለገው ለዚህ ለሁለተኛው ነው።

በየሱቁ የሚሸጠውን ፒፒሲ (ፖርትላንድ ፖዞላና) ሲሚንቶ ያየ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ይህ ሲሚንቶ በአገራችን የሚመረተው ከስምጥ ሸለቆ የሚቆፈር ፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ከክሊንከር (በምድጃ ከተጋገረው የሲሚንቶ ዋና ግብዓት) ጋር ተፈጭቶ ነው። ፑሚስ ብቻውን በውኃ ቢለወስ አይጠነክርም፤ ከክሊንከሩ የሚወጣውን ኖራ ሲያገኝ ግን ይጠነክራል። ብቻውን ስለማያጣብቅ ብቻ አመድን ከጣልን፣ የምንኖርባቸውን ቤቶች የሠራንበትን ሲሚንቶም በዚያው ሚዛን መጣል ሊኖርብን ነው።

ኖራ ካስፈለገ አመዱ ለምን?

ይህ የጽሑፉ ጠንካራ ነጥብ ነው፤ ብዙዎቹ የአመድ ደጋፊዎችም ሳይመልሱት ያልፉታል። ጥቁር አፈር በራሱ ሲሊካና አሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ) ስላለው ኖራ ብቻውንም ያክመዋል። በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት ከእኛ መረሬ ጋር በጠባዩ የሚመሳሰል ጥቁር ሸክላ አለ፤ እዚያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ጀምሮ መንገድ የሚሠራው በኖራ እየታከመ ነው። እኛም ጋ ቢሆን የቀድሞው የመንገዶች ባለሥልጣን (የአሁኑ የመንገዶች አስተዳደር) የዲዛይን ማኑዋል ለሚያብጥ አፈር ከሚያነሳቸው አማራጮች አንዱ ኖራ ነው።

ልዩነቱ ሲሊካው ያለበት ሁኔታ ላይ ነው። የሸክላው ሲሊካ በማዕድኑ ክሪስታል ውስጥ ተቆልፏል። ኖራው የአፈሩን ፒኤች (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያ) ወደ 12.4 ገደማ አድርሶ፣ እዚያው ደረጃ ላይ ለረጅም ጊዜ አቆይቶ፣ ቀስ በቀስ ማሟሟት አለበት። በአግባቡ የተቃጠለ አመድ ሲሊካ ግን ክሪስታል አልሠራም፤ ኖራ ሲያገኘው ቶሎ ይዋሃዳል። ስለዚህ በተመሳሳይ የኖራ መጠን የተሻለ ጥንካሬ፣ ወይም በአነስተኛ ኖራ ተመሳሳይ ጥንካሬ ይገኛል። ደረቅ አመድ እርጥበትም ስለሚመጥጥ ጭቃው ለግሬደር የሚመች ይሆናል።

ኖራ መቆጠብ ለእኛ አገር ተራ ነገር አይደለም። ከሚታረሰው መሬታችን ወደ 43 በመቶ የሚሆነው በአሲድ የተጠቃ መሆኑ በተደጋጋሚ ይነገራል፤ መድኃኒቱም ኖራ ነው። የምዕራብና የደቡብ ገበሬዎች በሚፈልጉት መጠን ኖራ ሳያገኙ፣ መንገዱ ከአቅርቦቱ ያለ ልክ ይውሰድ ማለት ይከብደኛል። በዚያ ላይ ከኖራ ድንጋይ አንድ ቶን ያልጠፋ (ውኃ ያልነካው) ኖራ ለማውጣት ከድንጋዩ ብቻ 785 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ የምድጃው ነዳጅ ሳይቆጠር።

ይህን ካልኩ በኋላ ከጸሐፊው ጋር የምስማማበትን ልናገር። በአንድ የተወሰነ ቦታ የላቦራቶሪ ውጤቱና የትራንስፖርት ሒሳቡ ኖራ ብቻውን እንደሚረክስ ካሳየ፣ ኖራ ብቻውን ይደረግ። እኔ አመዱ ከሒሳቡ ውስጥ ይግባ እንጂ በየቦታው ይደረግ አላልኩም።

በቂ አመድ የለም ስለተባለው

ጸሐፊው እዚህ ላይ አንድም ቁጥር አላስቀመጡም። እኔ ላስላው።

ሰባት ሜትር ስፋት ያለው መንገድ አንድ ኪሎ ሜትር ላይ የላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር አፈር ይታከም እንበል። ይህ 1,400 ሜትር ኩብ ነው፤ ተጠቅጥቆ ሲለካ ወደ 2,000 ቶን ደረቅ አፈር ይሆናል። 10 በመቶ አመድ ቢጨመር 200 ቶን፣ 4 በመቶ ኖራ ቢጨመር 80 ቶን ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ስኳር ፋብሪካው እንሂድ። ከአንድ ቶን አገዳ ከ250 እስከ 300 ኪሎ ግራም እርጥብ ባጋስ ይወጣል። ፋብሪካዎቹ እንፋሎትና ኤሌክትሪክ የሚያመነጩት ይህንኑ በቦይለር እያቃጠሉ ስለሆነ፣ አመድ ለማግኘት ብሎ አዲስ ነገር የሚያቃጥል ማንም አይኖርም። ከእርጥቡ ባጋስ ከሁለት እስከ ሦስት በመቶ የሚሆነው አመድ ሆኖ ይቀራል። በቀን 5,000 ቶን አገዳ የሚፈጭ ፋብሪካ እንግዲህ በመካከለኛ ግምት በቀን ከ30 እስከ 40 ቶን አመድ ያወጣል ማለት ነው፤ የአንድ ኪሎ ሜትሩ ፍላጎት በሳምንት ውስጥ ይሟላል። 200 ቀን በሚቆይ የመፍጨት ወቅት ከ30 እስከ 40 ኪሎ ሜትር የሚሆን አመድ ይገኛል። ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ከአቅማቸው በታች ስለሚሠሩና አመዱ ሁሉ ለዚህ ሥራ ስለማይሆን ግማሹን እንቀንስ። አሁንም ከአንድ ፋብሪካ በዓመት ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር የሚሆን ይተርፋል።

ይህ የአገሪቱን የመንገድ ፍላጎት አይሸፍንም፤ በዚህ ጸሐፊው ልክ ናቸው። ግን ማንኛውም የግንባታ ቁሳቁስ ጥቅም የሚሰጠው በተወሰነ ዙሪያ ነው። ገረጋንቲም ቢሆን ከ100 ኪሎ ሜትር ላይ አይጫንም። ወንጂ ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አገዳ ሲፈጭ ኖሯል፤ በዙሪያው ያለውና ወደ ሞጆና ቢሾፍቱ የሚዘልቀው መሬት ጥቁር አፈር የበዛበት ነው። ፊንጫም እንዲሁ ጥቁር አፈር ከእርሻው ውስጥ አለ። የሩዙ ነገር ከዚህም ይቀርባል። ፎገራ ላይ ሩዙም መረሬውም አንድ ሜዳ ላይ ናቸው፤ ወረታ ከተማ ሩዝ ከሚፈለፈልባቸው ወፍጮዎች አጠገብ ገለባው ተቆልሎ ይታያል፤ ከባሕር ዳር ጎንደር የሚወስደው መንገድም በዚያው ሜዳ ያልፋል። የሩዝ ገለባ አመድ በሲሊካ ሀብታም ነው፤ በደንብ ከተቃጠለ ከ85 በመቶ በላይ ሊደርስ ይችላል። መጠኑ ግን ይወስነዋል። ከአንድ ቶን ያልተፈለፈለ ሩዝ ወደ 40 ኪሎ ግራም አመድ ቢገኝ ነው፤ 200 ቶን አመድ ለመሰብሰብ የ5,000 ቶን ሩዝ ገለባ ያስፈልጋል። ስለዚህ ፎገራ ላይ የምናስበው አውራ ጎዳናን ሳይሆን የቀበሌ መዳረሻ መንገዶችን መሆን አለበት።

ገረጋንቲ መሙላት ይሻላል ስለተባለው

ከጽሑፉ ውስጥ ይበልጥ የከነከነኝ ይህ ክፍል ነው፤ ቆርጦ መሙላትን ነውር የሌለበት ዘዴ አድርጎ አቅርቦታልና።

በዚያው ኪሎ ሜትር ላይ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቆርጠን በገረጋንቲ እንሙላ። የሚሞላው ተጠቅጥቆ 4,200 ሜትር ኩብ ነው፤ ልል ሆኖ ሲጫን ከ5,000 ይበልጣል። 16 ሜትር ኩብ በሚይዝ ገልባጭ መኪና ከ300 በላይ ምልልስ ነው። የተቆረጠው ጥቁር አፈርም ተጭኖ መውጣት አለበትና በድምሩ ከ600 በላይ ምልልስ ይሆናል። 200 ቶን አመድና 80 ቶን ኖራ ግን፣ አመዱ ቀላልና ቦታ የሚይዝ መሆኑ ታስቦም፣ 30 ገደማ ምልልስ ነው። የታከመው ንብርብር 40 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት ቢባል እንኳ 60 ይሆናል። ማደባለቂያው፣ ውኃውና የላቦራቶሪው ክትትል ተጨማሪ ወጪ አላቸው፤ አልክድም። የነዳጁ ልዩነት ግን የሚታይ ነው። የተጣለው ጥቁር አፈርም የት እንደሚደፋ መጠየቅ ተገቢ ነው። ብዙ ጊዜ የሚደፋው የገበሬ ማሳ ዳር ወይም የዝናብ ውኃ በሚወርድበት ሸለቆ ላይ ነው።

ከዋጋው የሚብሰው ግን የውኃው ነገር ነው። በሸክላ መሬት ውስጥ የተቆፈረ ጉድጓድ ውኃ አያሳልፍም፤ የተሞላበት ገረጋንቲ ደግሞ ያሳልፋል። ከላይ በአስፋልቱ ስንጥቅ፣ ከጎን በመንገዱ ዳር (በትከሻው) የሚገባው ዝናብ ገረጋንቲው ውስጥ ይጠራቀማል፤ መውጫ አያገኝም። ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ታችኛውና ወደ ጎን ወደ ቀረው ሸክላ ይሰርጋል። ለማስወገድ የፈለግነው እብጠት 60 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይቀጥላል።

ውጤቱን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም። በታኅሣሥ ወይም በጥር በበቾ ሜዳ አቋርጦ በሚያልፍ መንገድ ዳር በእግር ይሂዱ። ከአስፋልቱ ጠርዝ ግማሽ ሜትር ገባ ብሎ ከመንገዱ ጋር ትይዩ የሚሄድ ረጅም ስንጥቅ ያያሉ፤ እጅ እስከ መዳፍ የሚገባበት ቦታ አለ። ከመንገዱ መሐል ያለው አፈር እርጥበቱን ይዞ ሲቆይ የዳሩ ይደርቃል፤ ዳሩ ሲኮማተር አስፋልቱን ይዞት ይወርዳል። ሬንጅ ይፈስበታል፤ ክረምት ሲመጣ ዳሩ አብጦ ይነሳል፤ በቀጣዩ በጋ ከጎኑ ሌላ ስንጥቅ ይወጣል። ከትከሻው ሥር ባሕር ዛፍ የተተከለበት ቦታ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ሥሩ ከሸክላው ውኃ ይስባል። ለመንገድ ዳር ጥላ ብለን የምንተክለውን ነገር በጥቁር አፈር ላይ ቆም ብለን ልናስብበት ይገባል።

ከገረጋንቲ ሥር ጥልቅ ቦይ ካለ፣ ትከሻው ሰፊና ውኃ የማያስገባ ከሆነ ቆርጦ መሙላት ጥሩ ይሠራል። በኖራና በአመድ የታከመ ሸክላም ያለ ቦይ አይኖርም። የታከመው ሸክላ ጥቅሙ ከገረጋንቲ እጅግ ያነሰ ውኃ ስለሚያሳልፍ በላዩ የወረደው ዝናብ ከሥሩ ላለው መረሬ በብዛት አለመድረሱ ነው። ጸሐፊው ሁለቱን ሲያወዳድሩ ገረጋንቲውን ከነቦዩ፣ አመዱን ያለ ቦዩ አስቀምጠዋል።

ጥራቱ ይለዋወጣል ስለተባለው

ይለዋወጣል። ከቦይለር ሥር የሚወጣ አመድ በእጅ ሲዘገን ራሱ ይናገራል። ግራጫና ልም የሆነው በደንብ ተቃጥሏል። ጥቁር ሆኖ በጣቶች መካከል ያልተቃጠለ የአገዳ ክር የሚተወው ካርቦን የበዛበት ነው፤ ካርቦኑ ውኃ ይመጥጣል እንጂ ከኖራ ጋር አይዋሃድም። ከልክ በላይ በጋለ እሳት የተቃጠለው ደግሞ ሲሊካው ወደ ክሪስታል ይለወጥና ይሰንፋል። በውኃ ታጥቦ የሚወጣም አለ፤ እርሱ መድረቅ አለበት።

እነዚህ ሁሉ ግን የሚለኩ ነገሮች ናቸው። አመዱን በምድጃ አቃጥሎ ስንት እንደቀነሰ መመዘን ካርቦኑን ያሳያል፤ የአሜሪካ መመዘኛ ለተፈጥሮ ፖዞላና (ከኖራ ጋር ሲገናኝ ለሚያጣብቅ ቁስ) እስከ 10 በመቶ ይፈቅዳል፤ ሲሊካ፣ አሉሚናና የብረት ኦክሳይድ በድምር ቢያንስ 70 በመቶ እንዲሆኑም ይጠይቃል። ክሩ በወንፊት ይለያል። ገረጋንቲም ከጉድጓድ ጉድጓድ ይለያያል፤ እየተመረመረ ነው የምንጠቀምበት።

ገበሬው ይጎዳል ስለተባለው

በቡናው ላይ ከጸሐፊው ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። የቡና ገለባ አመድ ሲሊካው አነስተኛ፣ ፖታሺየሙ እጅግ ብዙ ነው። ፖታሺየሙ በውኃ የሚሟሟ ስለሆነ ከመንገድ ሥር በዝናብ ይታጠባል፤ ማሳ ላይ ቢበተን ግን ማዳበሪያ ነው። የጅማና የጌዴኦ ቡና ገለባ ወደ ማሳው ይመለስ። የጤፍ ጭድንም ከዚህ ክርክር ማውጣት ያስፈልጋል። ጭድ በእኛ አገር ተረፈ ምርት ሆኖ አያውቅም፤ የከብት መኖና የግድግዳ ጭቃ ማጠንከሪያ ነው። ጭድ አቃጥሎ መንገድ እንሥራ የሚል ሰው ካለ እኔም ከጸሐፊው ጎን ቆሜ እቃወመዋለሁ። ይህ ሁሉ ግን የባጋስን አመድ አይመለከትም፤ እርሱ አሁንም እየተቃጠለ፣ አሁንም እየተጣለ ያለ ነው።

የመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ ነው ስለተባለው

ጸሐፊው የላቦራቶሪ ናሙና አራት ቀን ውኃ ውስጥ ተነክሮ ሲቢአሩ (የመሸከም አቅሙ) ስለተለካ መንገድ ላይ ይሠራል ማለት አይደለም ብለዋል። ልክ ናቸው። ክረምታችን ከሦስት ወር በላይ ነው፤ ከክረምቱ በኋላም በጋ አለ። ናሙናው ተነክሮ፣ ደርቆ፣ እንደገና ተነክሮ ደጋግሞ መሞከር አለበት። በስምጥ ሸለቆው አካባቢ ጂፕሰም (የሰልፌት ማዕድን) ያለበት አፈር ከኖራ ጋር ሲገናኝ የባሰ እብጠት ስለሚፈጥር ሰልፌቱም አስቀድሞ መለካት አለበት።

የሜዳውም ሥራ ከላቦራቶሪው ይከብዳል። በላቦራቶሪ አፈሩ ደቆ በወንፊት ካለፈ በኋላ ነው የሚደባለቀው። በሜዳ ላይ በየካቲት መረሬ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ጓል ነው፤ የግሬደር ምላጭ ያንከባልለዋል እንጂ አይፈጨውም። በሐምሌ ደግሞ ማሽኑ ራሱ ይሰምጣል። አመቺው ጊዜ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር፣ አፈሩ እርጥበቱ ሳይጠፋ ማሽን መሸከም ሲጀምር ነው። ያኔም ቢሆን በአንድ ጊዜ አይሆንም። መጀመሪያ የኖራው ከፊል ተበትኖ፣ ውኃ ተረጭቶበት፣ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይተዋል፤ ጓሉ በራሱ ይፍረከረካል። ከዚያ አመዱና ቀሪው ኖራ ይገባና ተደባልቆ ሳይውል ሳያድር በሮለር ይጠቀጠቃል። ለሠራተኛው የአፍንጫ መሸፈኛ፣ ጓንትና የዓይን መከላከያ ያስፈልጋል፤ ኖራ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፣ የአመድ ብናኝም ለሳንባ አደገኛ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጸሐፊው ያወጡት መደምደሚያ ምርምሩ ይቁም የሚል ነው። እኔ የማወጣው ከላቦራቶሪ ወደ መሬት ይውረድ የሚል ነው፤ ቦታውም ከዓይናችን ሥር አለ። ስኳር ፋብሪካዎቹ በእርሻቸው ውስጥ አገዳ የሚያመላልሱ ከባድ መኪናዎች የሚሄዱባቸው የውስጥ መንገዶች አሏቸው። የአመዱ ባለቤትም የመንገዱ ባለቤትም አንድ ነው፤ ጭነቱ ከባድ ስለሆነ ውጤቱ ቶሎ ይታያል፤ ቢበላሽም የሕዝብ ትራንስፖርት አይቆምም። ጥቁር አፈር ላይ ያረፈ አንድ ኪሎ ሜትር ይመረጥና በአምስት ክፍል ይከፈል፦ ምንም ያልተደረገበት፣ አመድ ብቻ፣ ኖራ ብቻ፣ ኖራና አመድ፣ ተቆርጦ በገረጋንቲ የተሞላ። የአምስቱም ቦይ አንድ ዓይነት ይሁን። የመንገዱ ከፍታ፣ በትከሻውና በመሐሉ ያለው እርጥበት፣ በዲሲፒ (ሾጣጣ ብረት ወደ አፈሩ እየተመታ በሚገባበት መሣሪያ) የሚለካው ጥንካሬ በየዓመቱ በሰኔና በጥቅምት ይመዝገብ፤ ቢያንስ ሦስት ክረምት ይለፍበት። የገረጋንቲውን ክፍል ንድፍ እኚሁ ጸሐፊ ቢያወጡት ደስ ይለኛል፤ ለአምስቱም የሚያገለግለውን የቦይ ጥልቀትና የትከሻ ስፋት ጨምረው።